ስምንት ወር በሲሶ ጉልበት

የመጀመሪያውን ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬን በገዛ እጄ ስገጣጥም ሁለቱን ራሞች (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዙትን ማህደረ ትውስታዎች) የሰካኋቸው ጎን ለጎን ነበር። ዕቃዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ላይ አራት ማስገቢያ አለ፤ ስሌቱን ለሚሠራው ዋና ቺፕ፣ ለፕሮሰሰሩ፣ የሚቀርቡት ሁለቱ ለእጄም ቀረቡኝ፤ እዚያው ሰካኋቸው። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ዊንዶውስ ያለ ምንም ችግር ተጫነ። 16 ጊጋባይት ራም እንዳለውም ራሱ መሰከረ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ያስፈልጋል ብዬ ኬዙን ዘጋሁት፤ ለስምንት ወርም አልከፈትኩትም።

በእነዚያ ወራት ማሽኑ ሲንቀራፈፍብኝ ያላማሁት ነገር የለም። ቪዲዮ ሳቀናብር ምስሉ ሲቆራረጥ ፕሮሰሰሩን አማሁ። ፕሮግራም ለመክፈት ሲያመነታ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ኤስኤስዲ አማሁ። አንድ ሰሞን ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ራሙን ግን አንድም ቀን አልጠረጠርኩትም፤ ራም ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም ብዬ አምን ነበርና። በመጨረሻ አቧራ ላጸዳ ኬዙን ከፍቼ፣ የፋን ገመድ የሚሰካበትን ቦታ ፍለጋ የማዘርቦርዱን መመሪያ ሳገላብጥ አንዲት ትንሽ ሥዕል ላይ ዐይኔ አረፈ። ሁለት ራም ብቻ ካላችሁ ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ ሰኩ ትላለች። የእኔዎቹ አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ተቀምጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመዱት የቤትና የቢሮ ማሽኖች ፕሮሰሰሩና ራሙ የሚገናኙባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ ቻናል ይባላሉ። ባለ አራት ማስገቢያ ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማስገቢያዎች የአንዱ ቻናል፣ የቀሩት ሁለቱ የሌላው ናቸው። እኔ ሁለቱንም ራም አንድ መንገድ ላይ ደርድሬ ሌላውን ጦሙን አሳድሬዋለሁ። እያንዳንዱ መንገድ በአንድ ጊዜ 8 ባይት ያሳልፋል። በሰከንድ 3200 ሚሊዮን ጊዜ የሚያስተላልፍ ራም እንግዲህ በአንድ መንገድ 25.6 ጊጋባይት፣ በሁለቱ 51.2 ጊጋባይት በሰከንድ ማመላለስ ይችላል ማለት ነው።

ጥፋቴ በዚህ ቢያበቃ ጉልበቴ በግማሽ ቀነሰ ብዬ እጽናና ነበር። የማሽኑን ሁኔታ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ታስክ ማናጀርን፣ ከፍቼ የራሙን ፍጥነት ስመለከት ግን 2133 ይላል። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው 3200 ነው። ተታለልኩ ብዬ ልቆጣ ስል የተታለልኩት በራሴ ስንፍና መሆኑን ደረስኩበት። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ፍጥነት በአብዛኛው አምራቹ በራሙ ውስጥ መዝግቦ ያስቀመጠው ቅንብር ነው፤ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ውስጥ ገብቶ የሚያበራው ሰው ይፈልጋል። ፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል ያወጣው ስያሜ ኤክስ ኤም ፒ ነው፤ ተፎካካሪው ኤኤምዲ ዲዲአር 5 ለሚባለው ትውልድ ራሞች ያመጣው ኤክስፖ ይባላል። ካልበራ ራሙ በዝቅተኛውና ለሁሉም ማሽን በሚስማማው ፍጥነት ይነሣል፤ አንድም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በ2133 ፍጥነትና በአንድ ቻናል የሚገኘው 17 ጊጋባይት ገደማ ነው። 51.2ን ለሦስት ብታካፍሉት ይኸው ነው፤ ሲሶ።

የእኔን ማሽን የባሰ የጎዳው ደግሞ ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600ጂ መሆኑ ነው። ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ አልነበረኝም፤ ምስሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ነው። እንዲህ ያለው ግራፊክስ የራሱ ማህደረ ትውስታ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፤ ቦታ ይወስዳል፣ መንገዱንም ይጋራል። ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ባለጉዳይ። አንዱን ራም ነቅዬ አራተኛው ማስገቢያ ላይ ሰካሁት፤ ኤክስ ኤም ፒንም አበራሁ። አንድም አዲስ ዕቃ ሳይገባበት ቪዲዮው መቆራረጡን ተወ። ሐቁን ለመናገር ግን ጽሑፍ ስጽፍና ኢሜይል ሳነብ ምንም ልዩነት አላየሁም። የራሱ ግራፊክስ ካርድ ባለው ማሽን ላይም ልዩነቱ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ይሆናል። በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ይህን ጉዳይ እንደ ቀላል አትለፉት፤ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለወዳጆቼም ስድስት ያህል ማሽኖች ገጣጥሜአለሁ፤ ሁልጊዜም የምጀምረው ከሶኬቱ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት የማዘርቦርዱን ዓይነት ይወስናል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የራሙን ትውልድ ይወስናሉ። የኤኤምዲ ኤኤም 4 ሶኬት ዲዲአር 4 ብቻ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው ኤኤም 5 ዲዲአር 5 ብቻ ይቀበላል። ሰው የሚሳሳተው ኤልጂኤ 1700 በሚባለው የኢንቴል ሶኬት ላይ ነው። የ12ኛው፣ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሁለቱንም የራም ዓይነት ያውቃሉ፤ ማዘርቦርዱ ግን በተለምዶ ወይ የዲዲአር 4 ነው ወይ የዲዲአር 5። ስማቸው ሊለይ የሚችለው መጨረሻ ላይ በምትገኝ አንዲት ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ወዳጄ የዲዲአር 4 ማዘርቦርድና የዲዲአር 5 ራም ገዝቶ ጠራኝ። ሁለቱም 288 እግር አላቸው፤ ርዝመታቸውም አንድ ነው፤ ግርጌው ላይ ያለችው ክፍተት ግን ቦታዋ ይለያያል። ሲሰካው ስላልገባለት የአቅሙን ያህል ተጫነው። ደግነቱ ማስገቢያው ቻለው። ራም ሲገባ በአውራ ጣት ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋል፤ መቆለፊያው ቀጭ ሲል ይሰማል። ክፍተቷ ከጥርሱ ጋር ካልገጠመች ግን ያ የጉልበት ጉዳይ አይደለም፤ አውጥታችሁ ተመልከቱት።

ማሸጊያው ላይ ስለሚጻፉት ቁጥሮችም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ዲዲአር 4 ባለ 3200፣ ሲኤል 16። ዲዲአር 5 ባለ 6000፣ ሲኤል 36። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያስተላልፍ ነው፤ ሲኤል የሚባለው ደግሞ ራሙ ተጠይቆ እስኪመልስ ስንት ዑደት እንደሚጠብቅ ነው። ሲኤሉ ከ16 ወደ 36 ስላደገ አዲሱ ራም ቀርፋፋ ነው የሚል ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዑደቱ ራሱ ስላጠረ ቁጥሩን ብቻ ማወዳደር ልክ አይደለም። ሲኤሉን በ2000 አባዙትና ለፍጥነቱ አካፍሉት፤ መዘግየቱን በናኖ ሰከንድ ይሰጣችኋል። ባለ 3200 ሲኤል 16 ራም 10 ናኖ ሰከንድ ይሆናል። ባለ 6000 ሲኤል 36 ራም 12፤ ባለ 6000 ሲኤል 30 ራም ደግሞ 10። ባለ 4800 ሲኤል 40 ራም ግን 16.7 ገደማ ይደርሳል፤ ይህኛውን ሌላ አማራጭ ካላጣሁ በቀር አልገዛውም። ሁለት ራም አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ስመርጥ ይህችን ስሌት በስልኬ ላይ እሠራለሁ፤ ደቂቃ አትፈጅም።

ከፍተኛውን ቁጥር ግን አላሳድድም። ኤኤም 5 ላይ ኤኤምዲ ራሱ ጥሩ ሚዛን ብሎ የጠቆመው 6000ን ነው፤ እኔም ከዚያ አላልፍም። እንደ 7800ኤክስ3ዲ ያሉ ፕሮሰሰሮች ደግሞ 96 ሜጋባይት የሚደርስ፣ ካሽ የሚባል የራሳቸው ፈጣን ማህደረ ትውስታ ስላላቸው ወደ ራሙ የሚመላለሱት ቀንሶ ነው፤ ለእነሱ እጅግ ፈጣን ራም መግዛት የሚታይ ጥቅም እምብዛም የለውም። ስለሚያብለጨልጩት ባለ መብራት ራሞች ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ያምራሉ፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። አንዳንዶቹ ግን ቁመታቸው ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ሥር አያስገባቸውም። ማቀዝቀዣው ከራሙ በላይ የሚተወውን ክፍተት በሚሊሜትር አይቶ መግዛት ያስፈልጋል።

ሁለተኛውን ማሽኔን የገጣጠምኩት ራሴን አዋቂ አድርጌ ቆጥሬ ነው። ራይዘን 7 7700፣ ባለ አራት ማስገቢያ የኤኤም 5 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር 5 ራም። ራሞቹ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ናቸው፤ ይህን ከእንግዲህ በሕልሜም አልስተውም። ማብሪያውን ተጫንኩ። ፋኖቹ ዞሩ፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ካሉት አራት ጥቃቅን መብራቶች አንዷ፣ የራሙ መለያ ያለባት፣ ብርቱካናማ ሆና በርታለች። ግማሽ ደቂቃ ጠብቄ አጠፋሁት። ራሞቹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ አበራሁ፤ ያችው መብራት። አጠፋሁ። አንዱን ራም ብቻ ትቼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ላቤ ግንባሬ ላይ ችፍ እያለ ማዘርቦርዱን ልመልስ ካርቶኑን ፍለጋ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ማሽኑን እንደበራ ትቼ ወጣሁ። ወሬው ረዘመ። ስመለስ ስክሪኑ ላይ የባዮስ ገጽ ተከፍቶ ይጠብቀኛል።

ለካ ማሽኑ ምንም አልሆነም ነበር። ዲዲአር 5 የተሰካበት ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር የሚግባባበትን ልክ አንድ በአንድ እየሞከረ ይፈልጋል። ብዙ ራም ሲኖር ይህ በርካታ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ስክሪኑ ላይም ምንም አይታይም። እኔ በየግማሽ ደቂቃው ሳጠፋው ሥራውን በየጊዜው ከዜሮ እያስጀመርኩት ነበር። አሁን አዲስ ማሽን ሳበራ ሰዓቴን አይቼ አሥራ አምስት ደቂቃ እሰጠዋለሁ፤ እስከዚያ ማጥፊያው ጋር አልደርስም።

ከጥቂት ወራት በኋላ 32 ጊጋባይት አነሰኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ሁለት ባዶ ማስገቢያ አለ፤ ተመሳሳይ ሞዴል ራም ሁለት ገዝቼ ልሞላቸው ነው። ከዚህ የበለጠ ቀላል ነገር የት ይገኛል? አራቱን ሰክቼ በ6000 ላስነሣው ብል አልነሣ አለ። በ5600 ተነሣ፤ ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ወደቀ። የተረጋጋው 3600 ላይ ስወርድ ብቻ ነው። ኋላ የፕሮሰሰሩን መግለጫ በጥሞና ሳነብ ጉዳዩ እዚያው ተጽፎ አገኘሁት፤ የ7000ዎቹ ራይዘኖች በይፋ የሚደግፉት በሁለት ራም 5200፣ በአራት ራም 3600 ነው። 6000 ራሱ ከይፋው በላይ ነው፤ ኤክስፖን ማብራት ከደንቡ በላይ ማስሮጥ ስለሆነ ማንም ዋስ አይሆናችሁም። በአራት ራም 6000 የሚያስኬድላቸው ሰዎች አሉ። ለእኔ አልሆነም። ባዶ ማስገቢያ ማለት ወደፊት ልሞላው የምችለው ቦታ ነው የሚለው የዲዲአር 4 ዘመን ልማድ እዚህ ላይ ጥሎኛል። አራቱን ለሌላ ሁለት ማሽን አከፋፍዬ በአንድ ማሸጊያ የመጣ ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ገዛሁ። ዲዲአር 5 ከሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚያስፈልጋችሁን መጠን ከመጀመሪያው በሁለት ራም ግዙ።

መጠኑን እንዴት ልወቅ ለሚል፣ አሁን ባላችሁ ኮምፒውተር ላይ በጣም የሚከብዳችሁን ሥራ ክፈቱ። አሳሹን ከነትሮቹ፣ ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ የዕለት ተዕለት ሥራችሁ የሆነውን ሁሉ። ከዚያ ታስክ ማናጀር ላይ የራሙን አጠቃቀም እዩ። ከአቅሙ ሰማንያ በመቶ በላይ የሚያልፍ ከሆነ በሚቀጥለው ማሽን እጥፍ አድርጉት። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ያሸሻል፤ ራም በናኖ ሰከንዶች የሚመልሰውን ፈጣን የሚባለው ኤስኤስዲ በማይክሮ ሰከንዶች ነው የሚመልሰው። የሺህ እጥፍ ገደማ ልዩነት ነው። በቂ መጠን ያለው ቀርፋፋ ራም መጠኑ ያነሰውን ፈጣን ራም ያስንቀዋል።

የቀሩትን ዕቃዎች በአጭሩ ልለፍ፤ ስለነሱ ሁሉም ሰው ይጽፋል። ፕሮሰሰር ስትገዙ መጨረሻው ላይ ያለችውን ፊደል አንብቡ። የኢንቴሉ 12400 የራሱ ግራፊክስ አለው፤ 12400ኤፍ የለውም። ግራፊክስ ካርድ ሳይገዙ ኤፍ ያለበትን የገዙ ሰዎች ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጠው ራሙን ሲነቅሉና ሲሰኩ ይውላሉ። ግራፊክስ ካርድ ካለ ደግሞ የስክሪኑ ገመድ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ከኤስኤስዲ፣ በሳታ ገመድ የሚገናኘው በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ሆኖም ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ለሚመጣ ሰው ሁለቱም ከሰማይ የወረዱ ይመስሉታል።

ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ቆም እላለሁ። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚባክን ይናገራል እንጂ ዕቃው ጥሩ ነው ብሎ አይመሰክርም፤ የዋስትናው ዘመን የበለጠ ይነግረኛል። ገመዶቹ የሚነቀሉ ከሆኑ ደግሞ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ገመድ ለሌላው አታውሱ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ጫፍ ቢገጥም እንኳ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ አደራደር ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ዲስክም ማዘርቦርድም ሊያቃጥል ይችላል። እኔ የእያንዳንዱን ትርፍ ገመድ በፌስታል አድርጌ የሞዴሉን ስም እጽፍበታለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለቀድሞው ማሽን ያገለገለ ራም ገዝቼለት ነበር፤ ሥራውን ይሠራል፣ አይጠፋም፣ አይወድቅም። ብቻ አልፎ አልፎ የታመቁ ፋይሎች ሲፈቱ ተበላሽተዋል ይለኛል። ደግሜ ሳወርዳቸው ይከፈታሉ። አንድ ቀን የልጅነት ፎቶዎችን ወደ ሌላ ዲስክ ስገለብጥ ሦስቱ ታችኛው ግማሻቸው ግራጫ ሆኖ ወጣ። ያኔ ነው ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም፣ ሜምቴስት 86 ፕላስን፣ ፍላሽ ላይ ጭኜ ማሽኑን በእሱ ያስነሣሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀያይ መስመሮች ተደረደሩ። ራሙ የተበላሸው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ የተሳሳተው መረጃ ግን በዝምታ ዲስኬ ላይ ሲጻፍ ከርሟል። ዋናዎቹ ፎቶዎች ስላልተነኩ አመለጥኩ። አሁን አዲስም ሆነ ያገለገለ ራም ስሰካ፣ ኤክስ ኤም ፒ ወይም ኤክስፖን ካበራሁ በኋላ ዊንዶውስ ሳልጭን በፊት ሜምቴስትን አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ። አንዲት ስሕተት እንኳ ከታየች አንድ ራም ብቻ እያስቀረሁ እደግማለሁ። በነባሪው ፍጥነትም የሚሳሳተውን ወደ መጣበት እመልሰዋለሁ። በነባሪው ንጹሕ ሆኖ ሲፈጥን ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ አወርዳለሁ።

ጠዋት ዊንዶውስ ሲጫን የመጨረሻው ምርመራ ሲፒዩ ዚ በምትባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። የሜሞሪ ገጹን ክፈቱ፤ ባለ 3200 ራም ከሆነ ድግግሞሹ 1600 ገደማ ይላል፤ ባለ 6000 ከሆነ 3000 ገደማ። ግማሽ ሆነ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ራሙ በአንድ ዑደት ሁለቴ ስለሚያስተላልፍ ልክ ነው። የቻናሉ ሳጥን ዲዲአር 4 ላይ ዱዋል ወይም 2፣ ዲዲአር 5 ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቻናል ለሁለት ስለሚከፈል አራት ባለ 32 ቢት ማለት አለበት። ይህን ካየሁ በኋላ ነው የኬዙን ክዳን የማጠብቀው።